ከአፈር መድኃኒት ያወጣው የብስባሽ ተመራማሪ ሰልማን ዋክስማን

ሰልማን ዋክስማን በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሆነው በስትሬፕቶማይሲን ነው። ነገር ግን ሐኪም አልነበረም። የእርሻ ትምህርት ተምሮ ዕድሜውን በሙሉ ከአፈር ጋር ያሳለፈ ሰው ነው። ሲመራመርበት የኖረው ጥያቄም ማንኛውም አርሶ አደር ሊጠይቀው የሚችል ነው፤ ማሳ ላይ የተበተነ ፍግና ጭድ የት ይደርሳል? አፈሩን የሚያጠቁረውስ ነገር ከምን የተሠራ ነው? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋክስማን በ1888 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ያኔ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው ኖቫያ ፕሪሉካ በተባለች ትንሽ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አካባቢው በጥቁርና ለም አፈሩ የታወቀ የእህል አገር ነው። ልጅ ሳለ ታናሽ እህቱ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞታበታለች። በዚያ ዘመን ለአይሁድ ወጣቶች የዩኒቨርሲቲ በር ጠባብ ስለነበር፣ እናቱም ስላረፈች በ1910 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ያረፈው በኒው ጀርሲ፣ ከዘመዶቹ እርሻ ላይ ነበር። እዚያው አቅራቢያ በሚገኘው ራትገርስ ኮሌጅ ደግሞ እንደ እርሱ ከሩሲያ የመጣው የአፈር ባክቴሪያ ተመራማሪ ጄኮብ ሊፕማን ይሠራ ነበር። ዋክስማን እርሻን ለማጥናት የገባው ወደዚህ ኮሌጅ ነው።

ተማሪ ሳለ በኮሌጁ ማሳ ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ከየንብርብሩ አፈር ይወስድና በውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ይቆጥር ነበር። በዚህ ሥራው ላይ ባክቴሪያ ሆነው ሳሉ እንደ ሻጋታ ክር የሚዘረጉ፣ አክቲኖማይሲት የሚባሉ ተሕዋስያን ትኩረቱን ሳቡት። የመጀመሪያው ዝናብ ደረቅ መሬት ላይ ሲያርፍ የሚሸተው የአፈር ጠረን በአብዛኛው ከእነዚህ የሚመጣ ነው። በ1915 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1918 ደግሞ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ይዞ ወደ ራትገርስ ተመለሰ።

ያኔ የአፈር ብስባሽ የሚጠናው በአንድ የቆየ ዘዴ ነበር። ኬሚስቶች አፈሩን በኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ ጥቁር ፈሳሽ ይወጣል። በዚያ ላይ አሲድ ሲጨመር ወደ ታች የሚዘቅጠውን ጥቁር ዝቃጭ ሁሚክ አሲድ፣ ሳይዘቅጥ የሚቀረውን ቢጫ ፈሳሽ ፉልቪክ አሲድ ብለው ሰየሙት። የብስባሽ ኬሚካላዊ ማንነት ይኸው ነው ተብሎም ተጻፈ። ዋክስማን ይህን አልተቀበለም። ኃይለኛ ሶዳ ያገኘውን ነገር ይለውጣል፤ ስለዚህ ከጠርሙሱ የወጣው ነገር አፈሩ ውስጥ በዚያ መልኩ ስለመኖሩ ማስረጃ የለም የሚል ነበር መከራከሪያው። በ1936 ስለ ብስባሽ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ እነዚህ ስሞች ጭራሹን እንዲተዉ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ ኬሚስቶች ግን አልሰሙትም።

የእርሱ መንገድ ሌላ ነበር፤ ማን ምን እንደሚበላ መከታተል። ጭድ አፈር ውስጥ ሲገባ በቅድሚያ ስኳሩ፣ ቀጥሎ ሴሉሎሱ ይበላል። አገዳን የሚያጠነክረው ሊግኒን ግን ወደ ኋላ ይቀራል። የስንዴ ጭድ ለ1 እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ያህል ካርቦን አለው። ተሕዋስያኑ ይህን ሁሉ ካርቦን ለመብላት በጭዱ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ስለማይበቃቸው ከአፈሩ ይወስዳሉ። ጥሬ ጭድ ተገልብጦ ወዲያው የተዘራበት ማሳ ላይ ቡቃያው ቢጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጊዜ ሲያልፍ ካርቦኑ በትንፋሻቸው ወደ አየር ይወጣል፤ ናይትሮጅኑ ይቀራል፤ መጠኑም ለ1 እጅ ናይትሮጅን ወደ 10 እጅ ካርቦን ሲወርድ ናይትሮጅኑ እንደገና ለሰብሉ ይለቀቃል። ዋክስማን በ1920ዎቹ ያጠናው ይህ ጉዳይ ዛሬ በየኮምፖስት ማሠልጠኛው ይነገራል፤ የእርሱ ስም ግን ብዙም አይነሳም።

ብስባሽ ለምን ሳይጠፋ ረጅም ዘመን ይቆያል ለሚለው የሰጠው መልስ፣ የቀረው ሊግኒን ከተሕዋስያኑ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ነው የሚል ነበር።

ከ1939 ጀምሮ ፊቱን ወደ መድኃኒት ፍለጋ አዞረ። አፈር ውስጥ እርስ በርስ የሚገዳደሉ ተሕዋስያን መኖራቸውን ያውቅ ስለነበር፣ ተማሪዎቹን አሰልፎ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን አስመረመረ። በ1940 ያገኙት አክቲኖማይሲን መርዛማ ሆነ፤ በ1942 የተገኘው ስትሬፕቶትሪሲንም እንዲሁ ለሰው አልሆነም። በ1943 አልበርት ሻትዝ የተባለ የ23 ዓመት ተማሪው፣ ብዙ ፍግ ከፈሰሰበት ማሳ አፈርና ከዶሮ ጉሮሮ የተወሰደ ተሕዋስ ስትሬፕቶማይሲንን እንደሚሠራ አገኘ። ፔኒሲሊን ሊያድነው ያልቻለው ሳንባ ነቀርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍቱን መድኃኒት አገኘ።

ዝናው ግን ለዋክስማን ብቻ ሆነ፤ ከመድኃኒቱ ሽያጭም ድርሻ ይደርሰው ነበር። ሻትዝ ይህን ሲያውቅ በ1950 ከሰሰው። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት ሲያልቅ ሻትዝ የግኝቱ ተባባሪ መሆኑ ታወቀለት፤ 3 በመቶ ድርሻም ተሰጠው። ሆኖም በ1952 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለዋክስማን ብቻ ነው። መምህሩ መንገዱን ባያሳይ ግኝቱ አይገኝም ነበር፤ ያም ቢሆን ምድር ቤት ውስጥ ሌት ተቀን የሠራውን ልጅ ስም መሸፈን ተገቢ አልነበረም። ዋክስማን ካገኘው ገንዘብ ብዙውን ለምርምር ሰጥቷል። ራትገርስ ውስጥ በ1954 የተመረቀው የተሕዋስያን ምርምር ተቋም የተሠራውም በዚሁ የመድኃኒት ገቢ ነው። በ1973 በ85 ዓመቱ አረፈ። ሻትዝን ራትገርስ በሜዳሊያ ያከበረው በ1994 ነው።

የብስባሹ ክርክር ደግሞ ከእርሱ በኋላም ቀጠለ። በሶዳ የመዘፍዘፉ ዘዴ ከመጽሐፉ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። በ2015 ዮሐንስ ሌማንና ማርኩስ ክሌበር የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት፣ ሁሚክ አሲድ የሚባለው ነገር አፈር ውስጥ ራሱን ችሎ ለመኖሩ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ጻፉ። በዚህ ዋክስማን ልክ ነበር። ሊግኒን ግን እርሱ እንዳሰበው ብዙ የሚቆይ ሆኖ አልተገኘም። ዛሬ እንደሚታወቀው ከብስባሹ ብዙው ክፍል የሞቱ ተሕዋስያን ቅሪት ነው፤ የሚቆየውም ከሸክላና ከብረት ቅንጣት ጋር ስለሚጣበቅ ወይም በአፈር ጓል ውስጥ ተሸሽጎ በላተኛው ስለማይደርስበት ነው። ማሳው ደጋግሞ ሲታረስ ጓሉ ይፈርሳል፤ የተሸሸገውም ይጋለጥና ይበላል።