ቀድሞ ያሳየ፣ ቀድሞ የተዘጋበት፦ የጆን ሎጂ ቤርድ ሕይወት

በትምህርት ክፍላችን ስለ ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ዲጂታል ሆኗል። አናሎግ ሲባል ያረጀና የተጣለ ነገር ብቻ የሚመስለን ጥቂት አይደለንም። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ይዤ ቀርቤያለሁ። አንዱ የሥርጭት ዘዴ በሌላው ሲተካ ምን እንደሚከተል ከእሱ ሕይወት ብዙ መማር ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆን ሎጂ ቤርድ በ1888 ሄለንስበርግ በምትባል የስኮትላንድ የባሕር ዳር ከተማ ከቄስ ቤት ተወለደ። ግላስጎው ውስጥ ኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲማር አንደኛው የዓለም ጦርነት ትምህርቱን አቋረጠበት። ከልጅነቱ በሽተኛ ስለነበር ለውትድርናም አትሆንም ተባለ። ከዚያ በኋላ ያልሞከረው ነገር የለም፤ በኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጠረ፣ ካልሲ ሸጠ፣ ትሪኒዳድ ድረስ ሄዶ ማርማላታ ቀቀለ፣ ተመልሶ ደግሞ ሳሙና ነገደ። በ1923 ጤናው ጨርሶ ሲከዳው ሄስቲንግስ ወደምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄደ። ቴሌቪዥንን የሙጥኝ ያለው እንግዲህ እዚያ ነው።

ሐሳቡ የራሱ ፈጠራ አልነበረም። ፖል ኒፕኮው የተባለ ጀርመናዊ በ1884 በጥምዝምዝ መስመር የተበሳ የሚሽከረከር ዲስክ ሥዕልን መስመር በመስመር ሊያነብ እንደሚችል አሳይቶ ነበር። ሐሳቡን ዓይን ወደሚያየው ሥዕል ማድረስ ግን የቤርድ ድርሻ ሆነ። ገንዘብ ስላልነበረው መሣሪያውን ከሻይ ሣጥን፣ ከባርኔጣ ካርቶን፣ ከብስክሌት መብራት ሌንስና ከመርፌ ገጣጠመው። ጥር 26 ቀን 1926 ለንደን ሶሆ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ክፍል፣ ለተጋበዙ ሳይንቲስቶች የሚንቀሳቀስ የሰው ፊት አሳየ። ሥዕሉ 30 መስመር ብቻ ነበረው፤ ቢሆንም ፊት መሆኑ ይለይ ነበር። በ1928 ሥዕል ከለንደን አትላንቲክን አሻግሮ ኒውዮርክ አካባቢ አደረሰ፤ በዚያው ዓመት የቀለም ቴሌቪዥን ሞከረ። በ1929 ቢቢሲ የቤርድን ባለ 30 መስመር ሥርጭት ማስተላለፍ ጀመረ።

ፈተናው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኅዳር 1936 ቢቢሲ ከአሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ሁለት ዘዴዎችን በየተራ ማስተላለፍ ያዘ። አንዱ የቤርድ ባለ 240 መስመር፣ ሌላው የማርኮኒ ኢኤምአይ ባለ 405 መስመር ኤሌክትሮኒክ ዘዴ ነበር። የቤርድ ካሜራ ስቱዲዮ ውስጥ የተተከለ ነበር፤ መጀመሪያ ፊልም ያነሳል፣ ፊልሙ እዚያው ይታጠባል፣ ከዚያ ተነብቦ ይተላለፋል። የተወዳዳሪው ካሜራ ግን በቀጥታ ያስተላልፋል፣ እንደልብም ይንቀሳቀሳል። በዚያው ወር መጨረሻ ክሪስታል ፓላስ ሲቃጠል የቤርድ ኩባንያ ቤተ ሙከራዎች አብረው ጋዩ። በየካቲት 1937 የቤርድ ዘዴ ከሥርጭት ወጣ። ተበደለ የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደ ምሕንድስና ተማሪ ስመለከተው ግን ውሳኔው ትክክል ነበር።

ቤርድ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጦርነቱ ዘመን ጥናቱን በግሉ ቀጥሎ በ1944 ኤሌክትሮኒክ የቀለም ሥዕል ቱቦ አሳየ። ያሸነፈውን ዘዴ ራሱ ተምሮ ወደፊት ገፋበት ማለት ነው። ጦርነቱ ያቋረጠው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ሰኔ 7 ቀን 1946 እንደገና ሥራ ጀመረ፤ ቤርድ ከሳምንት በኋላ በ57 ዓመቱ አረፈ።

አሸናፊውም ቢሆን ዘላለማዊ አልሆነም። ባለ 405 መስመሩ በጥር 1985 ተዘጋ። እሱን የተካው ባለ 625 መስመር አናሎግ ደግሞ በብሪታንያ ጥቅምት 24 ቀን 2012 በዲጂታል ተተክቶ አበቃ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ የአናሎግ ፕሮግራም በሚይዘው የሞገድ ቦታ ላይ ዲጂታል ብዙ ፕሮግራሞች ያስተላልፋል። አገራችን የምትገኝበት የዓለም ክፍልም በ2006 በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት ሰኔ 17 ቀን 2015ን የሽግግር ቀነ ገደብ አድርጎ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ እኔ የምይዘው ቁም ነገር ምንድነው? የተሻለው ዘዴ ማሸነፉ ተገቢ ነው፤ ጥያቄው አሮጌውን መሣሪያ ይዞ የሚቀረው ሰው ነው። የ30 መስመሩ ሥርጭት በመስከረም 1935 ሲቆም፣ ለእሱ ተብሎ የተገዛው መቀበያ የሚያሳየው ነገር አጣ። በ1936 የወጡት መቀበያዎች ግን ሁለቱንም ዘዴ እንዲቀበሉ ተደርገው ስለተሠሩ ገዢው አልተጎዳም። ባለ 405ና ባለ 625 መስመሮቹ ከ1964 እስከ 1985 ጎን ለጎን ሄዱ። በዲጂታሉ ሽግግር ደግሞ ብሪታንያ ዕድሜያቸው 75 ለሞላና ለአካል ጉዳተኞች መሣሪያውን የሚያስገጥም የእርዳታ ፕሮግራም አዘጋጅታ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አናሎግ ሲደክም ሥዕሉ እየደበዘዘም ቢሆን ይታያል፣ ዲጂታል ግን ከወሰኑ በታች ሲወርድ ድርግም ይላል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቤርድ ከ1927 ጀምሮ ሥዕሎቹን እንደ ሙዚቃ በሸክላ ላይ ቀድቶ ነበር፤ በዘመኑ ግን በቅጡ መልሶ ማየት አልተቻለም። ከ1980ዎቹ ወዲህ እነዚያ ሸክላዎች በኮምፒውተር ተነብበው ፊቶቹ ታዩ። አናሎግን ያሰናበተው ዲጂታል የመጀመሪያዎቹን የቴሌቪዥን ቅጂዎች አዳናቸው። እኛም ነገ ማሰራጫ ጣቢያ ስንገባ አሮጌውን ከመዝጋታችን በፊት በውስጡ ያለውን እናውጣ፣ በእሱ የሚያየውንም ሰው እናስብ እላለሁ።