የጥበቃ አለቃቸውን በሶላቱ የመረጡት ኸሊፋ

አዲስ ሹመት የተቀበለ የጸጥታ ኃላፊ ከትናንት ባልደረቦቹ በላይ የሚያገኘው ሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ተጠያቂነትም ነው። ትናንት የራሱ እጅ ለሠራው ብቻ ይጠየቅ የነበረ ሰው፣ ከሹመቱ ዕለት ጀምሮ የበታቾቹ እጅ ለሠራውም ይጠየቃል። ይህን እውነት የስምንተኛውን የበኒ ኡመያ ኸሊፋ የዑመር ኢብኑ ዐብዱልዓዚዝን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ታሪክ ብዙ አይገኝም። በኸሊፋነት የቆዩት 2 ዓመት ከ5 ወር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከፍትሐዊነታቸው የተነሳ ብዙ ዑለማእ ከአራቱ ቅን ኸሊፋዎች ቀጥለው አምስተኛ አድርገው ይቆጥሯቸዋል።

ዑመር የተወለዱት በ61 ዓመተ ሒጅራ (በ681 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ነው። አባታቸው ዐብዱልዓዚዝ ኢብኑ መርዋን ግብፅን ለ20 ዓመታት ያህል ያስተዳደሩ ሲሆን፣ እናታቸው ኡሙ ዓሲም ደግሞ የሁለተኛው ኸሊፋ የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የልጅ ልጅ ነበሩ። ዕውቀት እንዲቀስሙ ወደ መዲና ተልከው በሷሊሕ ኢብኑ ከይሳን ሞግዚትነት አደጉ። አንድ ቀን ጸጉራቸው እስኪበጠር ብለው ከጀመዓ ሶላት ዘገዩ፤ መምህሩም ጉዳዩን ለአባታቸው ጻፉ። አባትየው ግብፅ ሆነው መልእክተኛ ላኩና የልጁ ጸጉር ተላጨ። ለመሳፍንት ልጅ የተሰጠው ይህ ትምህርት ቀላል ነበር፦ የትልቅ ሰው ልጅ መሆን ከግዴታ አያስመልጥም።

በ87 ዓመተ ሒጅራ (706) ኸሊፋ አል-ወሊድ የመዲና አስተዳዳሪ አድርገው ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ገና ከ25 ዓመት ብዙም አላለፈም ነበር። ወጣቱ ሹም መዲና እንደገቡ የከተማዋን አሥር ታላላቅ ፉቀሃ ሰበሰቡ። ዑርዋ ኢብኑ ዙበይር፣ አል-ቃሲም ኢብኑ ሙሐመድና ሳሊም ኢብኑ ዐብዱላህ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ዑመር ያለ እነዚህ ሰዎች ምክር አንድም ጉዳይ እንደማይቆርጡ አስታወቁ፤ ከሠራተኞቻቸው አንዱ ሰው ሲበድል ያየ ወይም የሰማ ዓሊም ሁሉ እንዲነግራቸውም በአላህ ስም አደራ አሏቸው። በዚህ መልክ ሹመታቸውን የጀመሩት በራሳቸው ላይ ተቆጣጣሪ በማቆም ነው።

ይሁን እንጂ ከዚያው ሹመት ጋር ዕድሜ ልካቸውን ያልተለያቸው ጸጸትም መጣ። በ93 ዓመተ ሒጅራ ኸሊፋው የዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር ልጅ ኹበይብ እንዲገረፍ ከደማስቆ አዘዙ። ዑመር ትእዛዙን ፈጸሙ። ኹበይብ ተገረፈ፤ በብርድ ወራትም ቀዝቃዛ ውኃ በራሱ ላይ ፈሶበት በመስጊዱ በር እንዲቆም ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዑመር ዜናው ሲደርሳቸው እጅግ ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ሰዎች ስለ መልካም ሥራቸው ሲያወድሷቸው የኹበይብን ነገር እያስታወሱ ይጨነቁ እንደነበር የታሪክ መዛግብት ያወሳሉ። ትእዛዙ ከበላይ መምጣቱ ለሕሊናቸው ዕረፍት አልሰጣቸውም፤ የተገረፈው ሰው የሞተው በእርሳቸው እጅ ሥር ነውና።

በዚያው ዓመት ዑመር ከመዲና ሹመታቸው ተነሱ። የዒራቁ ገዥ አል-ሐጃጅ፣ ከእርሱ ጭካኔ የሸሹ ሰዎች መዲና ውስጥ መጠለያ ማግኘታቸው አስቆጥቶት ለኸሊፋው ከስሶ ነበር።

በ99 ዓመተ ሒጅራ (717) ኸሊፋ ሱለይማን ዳቢቅ ላይ ሲሞቱ፣ በረጃእ ኢብኑ ሐይዋ ምክር የታተመው ኑዛዜ ተከፈተ፤ ተተኪው ዑመር ሆነው ተገኙ። ባልጠበቁት ሸክም ደንግጠው ሹመቱን ለሕዝቡ ምርጫ መልሰው አቀረቡ፤ ሕዝቡ ግን ሌላ ሰው አልፈለገም። የጥበቃው አለቃ እንደ ልማዱ ጦር ይዞ ከፊታቸው ሊሄድ ሲሰናዳ ከፊታቸው ገለል እንዲል አዘዙት፤ ከሙስሊሞች እንደ አንዱ ሆነው በሰው መካከል ተራመዱ። ለኸሊፋ የተዘጋጁትን ያማሩ ፈረሶችም ትተው በራሳቸው በቅሎ ሄዱ።

ቀጥሎ ያደረጉት የጥበቃውን አመራር መለወጥ ነበር። ኻሊድ ኢብኑ ረይያን የተባለው የቀድሞዎቹ ኸሊፋዎች ዘብ አለቃ፣ አንገት ቁረጥ ሲባል ሳይጠይቅ የሚቆርጥ ሰው ነበር። ዑመር ሰይፉን እንዲያስቀምጥ አዘዙትና ከሥራው አሰናበቱት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ዐምር ኢብኑ ሙሃጂር መለሱ። ዐምር ከአንሷር ወገን እንጂ ዘመዳቸው አልነበረም፤ ይህንኑ በግልጽ ነገሩት። የመረጡትም ቁርኣን ማብዛቱን ስለሰሙ፣ ማንም አያየኝም ብሎ በሚያስብበት ስፍራ ሶላቱን አሳምሮ ሲሰግድ ስላዩት ነበር። ሰይፉን አስረክበው የዘቡ አለቃ አደረጉት። ሰው በማያይበት ቦታ አማናውን የሚጠብቅ፣ ሰይፍ በእጁ ሲገባም አይለወጥም ብለው አመኑ። አደራቸው በዚህ አላበቃም፦ ራሳቸው ኸሊፋው ከሐቅ ሲያፈነግጡ ካየ፣ ልብሳቸውን ይዞ እንዲነቀንቃቸውና ምን እየሠሩ እንደሆነ እንዲጠይቃቸው አዘዙት። በኹበይብ ቀን ዑመርን የሚነቀንቅ አልነበረም፤ አሁን ግን ያንን ሰው በገዛ ፈቃዳቸው ከጎናቸው አቆሙ።

ወንጀልን በተመለከተ የያዙት መንገድ በሞሱል ተፈተነ። ከተማዋ በሌብነትና በቤት ሰርሳሪዎች የታወቀች ነበረች። ገዥ ሆኖ የተላከው የሕያ አል-ገሳኒ፣ ሰዎችን በጥርጣሬ ይዞ በክስ ብቻ ይቅጣ ወይስ በማስረጃ ይፍረድ ሲል በደብዳቤ ጠየቀ። ዑመር በማስረጃና በሱንናው መንገድ ብቻ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐቅ ያላቀናውን ሕዝብ በደል እንደማያቀናውም አስገነዘቡት። የሕያ ራሱ እንደተረከው፣ ትእዛዙን ፈጽሞ ሞሱልን ሲለቅ ከተማዋ ሌብነት እጅግ ካነሰባቸው ከተሞች አንዷ ሆና ነበር። የኹራሳኑ ገዥ አል-ጀራሕም ሕዝቡን ከሰይፍና ከአለንጋ በቀር የሚያቀናው የለም ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ዑመር ንግግሩን ሐሰት ነው ብለው መለሱ፤ ሰውን የሚያቀናው ፍትሕ መሆኑንም ጻፉለት።

የራሳቸውንም ቁጣ አላመኑትም። አንድን ሰው መቅጣት ሲያስቡ ሦስት ቀን አቆይተው ነበር የሚወስኑት፤ በመጀመሪያው የንዴት ግለት እንዳይፈርዱ ይፈሩ ነበር።

ወህኒ ቤቶችም ከዓይናቸው አልራቁም። ለአዛዦቻቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ እስረኛ ቆሞ መስገድ እስኪያቅተው ድረስ በእግረ ሙቅ እንዳይታሰር፣ በደም ከሚፈለግ በቀር ማንም ታስሮ እንዳያድር፣ ለእስረኞችም የሚበቃ ቀለብ እንዲሰጥ አዘዋል። በዕዳ የተያዘ ሰው ከነውረኛ ወንጀለኞች ጋር በአንድ ቤት እንዳይቀላቀል፣ ሴቶችም የተለየ ማረፊያ እንዲኖራቸው ደንግገዋል። ለወህኒው ጠባቂነት ደግሞ የታመነና ጉቦ የማይቀበል ሰው እንዲመረጥ አጥብቀው አሳስበዋል፤ ጉቦ የበላ ሰው የሰጪውን ፈቃድ ይፈጽማልና።

ጉቦን በቃል ከልክለው ብቻ አላለፉም። ለሹሞቻቸው በወር 100 ወይም 200 ዲናር እየሰጡ ችግር ወደ ሰው ኪስ እንዳይገፋቸው አደረጉ፤ በሥልጣን ላይ ሆኖ መነገድንም ከለከሉ። ለራሳቸው ግን ጠበቅ አደረጉ። ርስታቸውን መለሱ፤ የባለቤታቸው የፋጢማ ጌጥም ወደ በይተል ማል ገባ። ፋጢማ የኸሊፋ ልጅ፣ የኸሊፎች እህት ነበሩ፤ ሆኖም ከጌጡ ይልቅ ባላቸውን መረጡ። ስለ ሕዝብ ጉዳይ ሲሠሩ በሕዝብ ገንዘብ የሚበራውን መብራት፣ የግል ወሬ ሲጀመር አጥፍተው የራሳቸውን ያበሩ እንደነበርም በሰፊው ይተረካል። ስጦታ ሲመጣላቸው፣ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስጦታ የነበረው ለሹማምንት ጉቦ እንደሚሆን አስረድተው ይመልሱ ነበር።

ዑመር በ101 ዓመተ ሒጅራ ረጀብ ወር (በ720 መጀመሪያ) በሶርያ፣ ደይር ሲምዓን በተባለ ስፍራ አረፉ። ዕድሜያቸው 40 ዓመት ገደማ ነበር።

ከእርሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ ብዙ ወታደርና ብዙ ወህኒ የነበራቸው ገዥዎች አልፈዋል። ዑመርን የለያቸው የኹበይብን ሞት በትእዛዝ ስም ሳይሸፍኑ መሸከማቸው፣ ከዚያም ሥልጣን ሲጨምርላቸው በእጃቸው ላይ ልጓም መጨመራቸው ነው። ዛሬ በትከሻው ላይ አዲስ ማዕረግ የተለጠፈለት የፖሊስ ኃላፊም ከዚህ ሕይወት የሚወስደው ስንቅ አለው። ከበላይ የመጣን ትእዛዝ በሕግና በሕሊና ይመዝን። ጥርጣሬን እንደ ማስረጃ አይቁጠር። በቁጣው ሰዓት አይፍረድ። በእጁ የገባውን እስረኛ ሰብዓዊ ክብር ይጠብቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሲሳሳት ልብሱን ይዞ የሚነቀንቀውን ሰው ከአጠገቡ አያርቅ። ሹመት አማና ነው፤ የአማና ባለቤት ደግሞ አንድ ቀን ይጠይቃል።