አበበ ቢቂላ፦ እግሮቹ ሲከዱት ቀስት ያነሳው ጀግና

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በኢትዮጵያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በዚያ ምሽት በሮም ከተማ ወታደሮች ችቦ ይዘው በሚያበሩት ጥንታዊ ጎዳና ላይ፣ አንድ የክቡር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር። ከጎኑ ያልተለየው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። ወደ ውድድሩ ፍጻሜ ሲቃረቡ፣ ጣሊያን ወስዳ በሮም ያቆመችው የአክሱም ሐውልት ታየ። አበበ ቢቂላ ፍጥነቱን የጨመረው በዚያ ስፍራ ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በዓለም ፈጣን ሰዓት ፈጸመ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅም ተገኘ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አቅራቢያ በምትገኘው የጃቶ መንደር ነው። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ከብት ጠብቋል፤ ከእኩዮቹም ጋር ገና ተጫውቷል። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኙት በዚያ ነው።

ብዙዎች ከሮም ድል የሚያስታውሱት ባዶ እግሩን ነው። ይሁን እንጂ ጫማ ሳያደርግ መሮጡ የድንገት ድፍረት አልነበረም። የቀረበለት ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም፤ ያለ ጫማ መሮጥን ደግሞ በልምምድ አስቀድሞ ለምዶታል። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ አፍትልኮ መውጣቱም ከአሠልጣኙ ጋር ቀድሞ የታሰበበት ነበር። ዓለም በአንድ ምሽት ያየው ድል በብዙ ማለዳ ልፋት የተዘራ ነው።

ከድሉ በኋላ መንገዱ ሁሉ ቀና አልሆነለትም። በ1955 ዓ.ም በቦስተን ማራቶን አምስተኛ ወጣ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በመግባት አዲስ የዓለም ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

በ1961 ዓ.ም በሜክሲኮ ግን እግሩ ታሞ ነበርና 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ለመውጣት ተገደደ። ወርቁን ያመጣው የክቡር ዘበኛ ባልደረባው ማሞ ወልዴ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ከዚህ ሁሉ የከፋው ደረሰበት። ሲያሽከረክራት የነበረችው መኪና ተገልብጣ ጀርባው ተጎዳ። ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ ሊሄዱለት አልቻሉም።

ክብሩ ሁሉ ከእግሮቹ ጋር ለነበረ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና ይኖራል? ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ያለው ሰው ያለፈውን እየተረከ ቢኖር የሚወቅሰው አልነበረም። አበበ ግን እጆቹ እንደቀሩለት አስተዋለ። በ1962 ዓ.ም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም ደግሞ ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በበረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ውድድርም አሸነፈ። በጃቶ ሜዳ ላይ ያደገው ልጅ በረዶ በሸፈነው አገር አንደኛ ወጣ።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዚህ ሕይወት የምንማረው የማሸነፍን ጥበብ ብቻ አይደለም። የሰው አቅም አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑን ጭምር ነው። በጥቁር አፈር ላይ የሚያርስ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ውኃ ተኝቶበት የክረምት ዘሩ ቢበላሽበት፣ ዝናቡ ሲያባራ መሬቱን ደግሞ ያርስና በቀረችው እርጥበት ሽንብራ ይዘራል። ሽንብራው የጠፋውን ስንዴ አይመልስም፤ ማሳው ግን ጦሙን አያድርም። አበበም የሮምን እግር መልሶ አላገኘም፤ በቀረው እጁ ግን ቀስት አነሳ።