ማሕሌታይ ያሬድ፤ ከአክሱም እስከ ስሜን ተራራ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንሰማ ብዙውን ጊዜ ይዘን የምንቀረው አንዲቱን ክፍል ብቻ ነው። ስለ ማሕሌታይ ያሬድም እንዲሁ ሆኖአል። ከእኛ መካከል በልጅነቱ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ዛፍ ላይ ስለምትወጣው ትል ሰምቶአል፤ ትምህርት የሰለቸው ልጅ የሚመከረው፥ በፈተና የወደቀውም የሚጽናናው በዚህችው ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ያሬድ ከትሏ በኋላ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖሮአል፤ በዚያም ዘመን ውስጥ በእኛ አሳብ ከመጀመሪያው የማያንስ ሌላ ሥራ ሠርቶአል። ይኸውም ጎልማሳ ሆኖ፥ ስሙ ገንኖ፥ በንጉሥ ፊት ባለሟል ሆኖ ሳለ ሁሉን ትቶ ለጸሎቱና ለዜማው ብቻ ሊኖር ወደ ስሜን ተራሮች መሄዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን አድርገን ለመመልከት እንወዳለን።

አስቀድመን ግን ስለ ታሪኩ ምንጭ ጥቂት መናገር ይገባናል። ያሬድ የኖረው በስድስተኛው መቶ ዓመት ሲሆን ገድሉ የተጻፈው ከእርሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ነው። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ የግዕዙን ገድል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1904 አሳትሞታል፤ በስንክሳርም ግንቦት 11 ቀን ታሪኩ በአጭሩ ይነበባል። ስለዚህ አንድ የታሪክ ተማሪ በድንጋይ እንደ ተቀረጸው የአክሱም ጽሕፈት አድርጎ ሊያየው አይችልም፤ ተረት ነው ብሎም ሊጥለው አይገባውም፤ አንድ ሕዝብ ስለ ሊቁ ምን እንደ ተናገረ ማወቅ ራሱ የታሪክ ክፍል ነውና። እኛም ከዚህ በታች የምንተርከው ገድሉና የሊቃውንቱ ትውፊት የሚሉትን ነው።

በትውፊቱ እንደሚነገረው ያሬድ በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ አብዩድ፥ እናቱም ታውክልያ ይባሉ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቱ ስለ ሞተ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን የመጻሕፍት መምህር ስለ ነበር የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ እንደ ሌሎቹ ደቀ መዛሙርት ዳዊት ያስተምረው ጀመር።

ትምህርቱ ግን ለያሬድ አልገባ አለው። እኩዮቹ እየቀደሙት ሄዱ፤ እርሱ ትናንት የያዘውን ዛሬ ይረሳዋል። መምህሩ እንደ ዘመኑ ልማድ በአለንጋ ገረፈው። ልጁም ግርፋቱ በመረረው ጊዜ ከጉባኤው ወጥቶ ወደ መደባይ አቅጣጫ ሸሸ። ማይ ኪራሕ በሚባል ቦታ ሲደርስ ፀሐይ ስለ በረታበት ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጠ። እዚያም ፍሬውን ለመብላት የዛፉን ግንድ የምትወጣ ትል አየ። ትሏ ከመካከል እየደረሰች ትወድቃለች፤ እንደገናም ትነሣለች። ሕዝቡ ሲተርከው ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰች ይላል። ያሬድ ይህን አይቶ ራሱን ወቀሰና ወደ ሸሸው መምህር ተመለሰ።

ተራኪዎች ሁሉ በትሏ ላይ ሲደነቁ አንድ ነገር ያልፉታል። ትሏ የወጣችው ማንም ሳያፍርባት ነው። ልጁ ግን ሲመለስ የሚጠብቀው አለንጋ የያዘው አጎቱና የሸሸበትን ቀን የሚያውቁ ጓደኞቹ ነበሩ። ከትምህርት ቤት መውጣት ላንድ ቀን የሚበቃ ድፍረት ይጠይቃል፤ ተመልሶ በዚያው ደጃፍ መግባት ግን የዕለት ዕለት ትዕግሥት ይፈልጋል። ያሬድ አጎቱን ይቅርታ ለምኖ ከቦታው ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ልቡናው ስለ ተከፈተለት ዳዊቱንና የቀሩትን መጻሕፍት ፈጥኖ ፈጸመ፤ በዐሥራ አራት ዓመቱም ዲያቆን ሆነ ይላል ትውፊቱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሙን ለዘለዓለም ያቆመው ሥራ ነው። ገድሉ እንደሚለው በዚያን ዘመን በቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ሁሉ በዝቅተኛ ድምፅ ይባል ነበር እንጂ ከፍ ብሎ የሚዜም አልነበረም። ሦስት አዕዋፍ ከኤዶም ገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩት፤ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌምም ወስደው የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ አሰሙት። ተመልሶም በአክሱም ጽዮን ደጅ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዘመረ፤ ንጉሡና ጳጳሱ፥ ካህናቱና ሕዝቡም ሰምተው ተደነቁ።

የአዕዋፉን ነገር የሚጠራጠር ቢኖር ባሕር ማዶም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር መነገሩን ያስታውስ። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ በዚያው በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረ ሲሆን የምዕራባውያን የቤተ ክርስቲያን ዜማ በስሙ ይጠራል፤ ሠዓሊዎችም በጆሮው ዜማ የምታሰማ ርግብ አጠገቡ ይሥሉለታል። በቊስጥንጥንያ የነበረው ሶርያዊው ሮማኖስ ደግሞ የያሬድ ዘመን ሰው ነው። እርሱም አስቀድሞ ድምፁ የማያምር መዘምር ሲሆን እመቤታችን በሕልም ጥቅልል አብልታው ባለ ዜማ ሆነ ተብሎ ይተረክለታል። በሦስቱም አገር ሰዎች ያዩት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እንዲህ ያለ ዜማ ከአንድ ሰው ጉሮሮ ብቻ ይወጣል ብሎ ማመን ስለ ከበዳቸው ምንጩን ከሰማይ ፈለጉት።

ያሬድ የተወልን የዜማ ስልት ሦስት ነው፤ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ ይባላል። ሊቃውንቱ ግዕዝን በአብ፥ ዕዝልን በወልድ፥ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስሉታል። በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍትም አምስት ናቸው፤ ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት። ድጓው ዮሐንስ፥ አስተምሕሮና ፋሲካ ተብሎ ተከፍሎ ዓመቱን በሙሉ ከበዓላቱና ከወቅቶቹ ጋራ ያዞራል፤ ክረምቱና ዝናሙ፥ አበባውና መከሩ በውስጡ አሉበት። ከያሬድ ዘመን በኋላ የተጨመሩ ድርሰቶች በውስጡ እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ይህም የመጽሐፉን ክብር አይቀንሰውም፤ ብዙ ትውልድ የሠራበት ቤት መሆኑን ያሳያል።

ያሬድ በዚህ ሥራው የዐፄ ካሌብ ልጅ የዐፄ ገብረ መስቀል ወዳጅ ሆነ። በጋይንት ባለችው በዙር አምባ ከንጉሡና ከአባ አረጋዊ ጋራ ተቀምጦ ዝማሬን እንደ ደረሰ ይነገራል። ከዕለታት አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲያዜም ሁለቱም በዜማው ተመሰጡ፤ ንጉሡ ተደግፎት የነበረው ጦር የያሬድን እግር ወግቶት ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም ሆነ አድማጩ አልታወቃቸውም። ዜማው ሲያልቅ ንጉሡ ያየውን አይቶ ደነገጠና ጦሩን ነቅሎ ለደምህ ካሣ የምትወደውን ሁሉ ለምነኝ አለው። ያሬድም የለመነውን እንዳይከለክለው አስቀድሞ በመሐላ አሰረው።

ይህን ጊዜ መሬት ወይም ሹመት ቢጠይቅ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እርሱ ግን የጠየቀው ከቤተ መንግሥት የመሰናበትን ፈቃድ ነው። ንጉሡ እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን መሐላው ስለ ያዘው ሊከለክለው አልቻለም። ትውፊቱ ልደቱን በ505 ዓ.ም. ስለሚያደርገውና ገብረ መስቀልም በዚያው መቶ ዓመት መካከል ስለ ነገሠ ያሬድ ያን ጊዜ ሠላሳውን ዓመት ያለፈ ጎልማሳ ነበር ማለት ነው። ሰው በሕፃንነቱ የሚተወው ነገር የለውም፤ በጎልማሳነቱ ግን የሚተወው ብዙ ነው። ከአክሱም ጽዮን ደጅም አንቀጸ ብርሃን የተባለውን የእመቤታችንን ውዳሴ ደርሶ ተሰናበተና ተከዜን ተሻግሮ በጸለምት በኩል ወደ ስሜን ወጣ።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ስሜን ምን እንደሚመስል እንንገረው። ከሽሬ መጥቶ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ዛሬም ቢሆን ዓዲ አርቃይን አልፎ የሊማሊሞን ገደል መውጣት አለበት። በስተ ምሥራቅ ተራሮቹ እየከበዱ ሄደው ከአምቢኮ በላይ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል። በደጋው ከገብስ በቀር ብዙ እህል አይበቅልም፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጉሙ ቀኑን ሙሉ የማይገለጥበት ወቅት አለ፤ ከዚያም በላይ ጅብራ ብቻ ይቆማል። ያሬድ ከአክሱም ከተማ፥ ከእንግዳና ከነጋዴ መናኸሪያ ወጥቶ የመረጠው ይህን አገር ነው።

በስሜንም በጾምና በጸሎት ተወስኖ፥ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ ዜማውን እያስተማረ ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ተቀመጠ ይነገራል። ደብረ ሐዊ የሚባለው የስሜን ገዳም እስከ ዛሬ በስሙ ይታወቃል። ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሞተ አትልም፥ ተሠወረ ትላለች። መቃብሩ ይህ ነው ተብሎ አይታይም፤ ትቶት የሄደው የሚታየው በትምህርት ቤቱ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ትንሽ እንበል፤ ከያሬድ ሕይወት ጋራ የሚያያዘው እዚህ ላይ ነውና። ድጓ የሚማር ሰው መጽሐፉን በገዛ እጁ ከነምልክቱ እየጻፈ ዜማውን ከመምህሩ አፍ በቃል ይቀበላል። ይዘትና ደረት፥ ርክርክና ድፋት፥ ጭረትና ቅናት፥ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉትን ስምንቱን ምልክቶች፥ በኋላም የተጨመሩትን ድርስንና አንብርን ማወቅ አለበት። ምልክቱን በድጓው ላይ አደራጅተው ያኖሩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ለድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና ለመዋሥዕት በዙር አምባ፥ ለአቋቋም በጎንደር በዓታ ሄዶ ማስመስከር የቆየ ሥርዓት ነው። ይህ ሁሉ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በጉባኤው ደበሎ የለበሰ ሕፃንና ጢም ያበቀለ ጎልማሳ አብረው ይቀመጣሉ፤ ቀድሞ የተማረው ልጅ ዘግይቶ የመጣውን ጎልማሳ ያስቀጽለዋል። የሚጠየቀው ዕድሜው ሳይሆን የት እንደ ደረሰ ነው። በአገሩ ሲያገለግል የኖረ ካህን የጎደለውን ለመሙላት አኩፋዳውን አንግቶ እንደገና ተማሪ ቢሆን ማንም አያፍርበትም።

በቅርቡ ዘመንም ምሳሌ አናጣም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) በልጅነታቸው በስዊስ አገር፥ በኋላም በካይሮ ሙዚቃ የተማሩ ሲሆን በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ከመነኑ በኋላ በ1950ዎቹ ወደ ጎንደር ሄደው የያሬድን ዜማ ማጥናት ጀመሩ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ይጠጋ ነበር። ፒያኖውን የሚያውቁ ሴት በቆሎ ተማሪዎች አገር ተማሪ ሆኑ፤ ተማሪዎቹ በብርድ ሜዳ ላይ ሲያድሩ አይተውም በ1959 ዓ.ም. ድርሰታቸውን በሸክላ አስቀርጸው ገቢውን ለችግረኞች ልጆች መርጃ አዋሉት።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ ያነሣነው ለእኛው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለሚነካን ነው። በየማታውና በየክረምቱ ትምህርት ከእኛ ጋራ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ፥ ልጆቻቸው እኛን የሚያህሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዱ መምህር ነው፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ነው፤ አንዳንዲቱ በወጣትነቷ ያቋረጠችውን ሥዕል ወይም ሙዚቃ ልትፈጽም የመጣች እናት ናት። እነዚህን በጀርባቸው መሣቅ በመካከላችን የተለመደ ሆኖአል። ጥያቄ ሲጠይቁ ሰዓት እንደሚያባክኑ አድርገን እንመለከታቸዋለን፤ ኪነ ጥበብ የሚያጠኑትንማ በዚህ ዕድሜ ምን እንጀራ ሊያበላቸው ነው እንላለን። በሌላው ወገን ደግሞ አንድ ዓመት የወደቀ ጓደኛችን ከታናናሾቹ ጋራ መቀመጥ አፍሮ በዚያው ሲቀር አይተናል። ሁለቱም በሽታ አንድ ነው፤ ትምህርትን የተወሰነ ዕድሜ ርስት አድርጎ መቊጠር ነው።

ይህ አሳብ ደግሞ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት በያሬድ ስም ይጠራል፤ ስሙን በደጃፉ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ስሙ የሚከበረው ግን ሸሽቶ የተመለሰውን ልጅና ዘግይቶ የመጣውን ጎልማሳ በደስታ የሚቀበል ጉባኤ ሲኖረን ነው። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሽበት ያለው ሰው ደብተሩን ይዞ በክፍሉ በር ሲገባ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር እንልቀቅለት፤ ያመለጠውንም ማስታወሻ እናውሰው። አንድ ዓመት የወደቀውን ጓደኛችንንም ከቤቱ ድረስ ሄደን መዝገቡ ሳይዘጋ እንጥራው።