የነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ታሪክ፤ ይልቁንም ስለ ሥዕል ሙያቸው

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ምድር በ1860 ዓ.ም. ተወለዱ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ባሳተሙት በልብ ወለድ ታሪክ ነው፤ እርሱም በአማርኛ ከተጻፉት ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ስለ ሆነ፥ ስማቸው በደራስያን ተራ ተቈጠረ። ነገር ግን ከብዕሩ አስቀድሞ በእጃቸው የነበረው የሠዓሊ ብሩሽ ነበር፤ ከእንጦጦም ተራራ ጋራ የሚያገናኛቸው ይኸው ሙያ ነው።

ዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት አገር ናት። የነዚህን አሠራር ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፥ አባቶቻችን ጂኦሜትሪ የሚባለውን ትምህርት በእጃቸው ያውቁት እንደ ነበረ ይረዳል። ውጭው ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌትና ቅድስት ይዞራሉ፤ በመካከል ያለው መቅደስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ሥዕሉም በጥጥ ጨርቅ ላይ እየተሣለ በመቅደሱ ግድግዳ ይለጠፋል። ሠዓሊው አስቀድሞ መካከለኛውን መስመር ይይዛል፤ ከዚያም ግራውን ከቀኙ ያስተካክላል። እመቤታችን ልጅዋን ታቅፋ በመካከል ስትቀመጥ፥ ሚካኤልና ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በሁለት ወገን ይቆማሉ። ቅድስት ሥላሴ መልካቸውም ልብሳቸውም አንድ በሆነ በሦስት አረጋውያን አምሳል ይሣላሉ፤ አራቱ እንስሳም በአራቱ ማዕዘን ይሆናሉ። ይህ መመሳሰል ሠዓሊው ሌላ መልክ መሣል ተስኖት የመጣ አይደለም፤ የሃይማኖት ትምህርት በመስመር ሲነገር ነው እንጂ። ደግሞም ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ሲሣል፥ ይሁዳን የመሰለው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳያል።

ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ወጣት በ1879 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢጣልያ ሰደዱት፤ በቶሪኖም ከተማ አልበርቲና በሚባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ያገኘው ሥርዓት ሌላ ነው። ትይዩ መስመሮች እየራቁ ሲሄዱ በአንዲት ነጥብ ይገናኛሉ፤ የቀረበው ይገዝፋል፥ የራቀው ያንሳል፤ ጥላም ብርሃኑ ከመጣበት በተቃራኒ ይወድቃል። የቶሪኖው ልክ ከተመልካቹ ዓይን ይነሣል፤ የዘጌው ልክ ግን ከተሣለው ክብር ይነሣል፤ ስለዚህ በዘጌ የሚገዝፈው የከበረው ነው፥ የቀረበው አይደለም። ሁለቱም ሥርዓት አላቸውና አንዱን ጥበብ ሌላውን ድንቍርና ማለት፥ እንደ እኔ አሳብ፥ ፍርድ ማጓደል ነው።

ተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ የእንጦጦን ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እንዲሥል ታዘዘ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ራጉኤል ባለ ስምንት ማዕዘን ነው። አንባቢ ሆይ፥ በወረቀት ላይ ሞክረው፤ አንድ አራት ማዕዘን ሥለህ፥ ልክ እርሱን የሚያህለውን በላዩ አዙረህ ብትደርብ፥ ስምንት ጫፍ ይወጣዋል፤ አራት ማዕዘኑም ወደ ክቡ ይቀርባል። እንግዲህ ወጣቱ ሠዓሊ በዚህ ስፍራ በሁለት ትምህርት መካከል ቆመ። ቶሪኖ እንዳስተማረው ቅዱሱን በጎን ቢሥለው፥ ያገሩ ምእመን አንድ ዓይን ያለውን ማን ብሎ ያነበዋል? የአገሩን ብቻ ቢሥል ደግሞ ባሕር ተሻግሮ መማሩ ለምን ኖሯል? ከዚያው ተራራ በስተ ምሥራቅ በየካ ያለውን ዋሻ ሚካኤልን ከዓለት የፈለፈሉት ጥንታውያን እንዲህ ያለ ምርጫ አልነበረባቸውም፤ ዓለት አንድ ጊዜ ከተቈረጠ አይመለስምና ልካቸውን አስቀድመው ቈርጠው ነበር።

በ1886 ዓ.ም. አፈ ወርቅ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ማድበስበስ አይገባም፤ የዐድዋ ጦርነት በተቃረበበት ጊዜ ወደ ኢጣልያ ወገን ተሻገሩ። በናፖሊ አማርኛ እያስተማሩ ሰዋስው ጻፉ፤ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የከዷቸውን የንጉሠ ነገሥቱን የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በድሬ ዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆኑ፤ በ1920ዎቹም ዓመታት በሮም የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። ይህ ሁሉ እምነት ከተጣለባቸው በኋላ፥ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ ዳግመኛ ወደ እርሱ አደሩ፤ አፈ ቄሣርም ተባሉ። ይህን የሚያስተሰርይ ሥዕልም መጽሐፍም አላውቅም፤ ይሁን እንጂ ስለ በደሉ ብለን ሙያውን ከታሪክ ብንፍቅ፥ የእንጦጦ ሥዕል ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።

ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። በዚያም የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ፥ በመስከረም ወር 1940 ዓ.ም. በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።