ተሰጥዎ ወይስ ልምምድ? የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

ከፒያሳ ተነሥቶ በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ወደ መርካቶ የሚያልፍ ሰው፣ የፑል ጠረጴዛ ከበው የቆሙ ወጣቶች ሲከራከሩ መስማቱ አይቀርም። አንዱ ተጫዋች ኳሶቹን በተከታታይ ወደ ጉድጓዱ ሲከት ያዩ እንደሆነ፣ ከፊሎቹ አብሮት የተወለደ ስጦታ ነው ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ከጧት እስከ ማታ ከጠረጴዛው ስለማይለይ ነው እያሉ ይሟገታሉ። ክርክሩ የጨዋታ ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ትምህርት ከብዶት ልተወው የሚል ተማሪና፣ ሥራው አልገባ ብሎት ለዚህ አልተፈጠርሁም የሚል አዲስ ሠራተኛ፣ ሁለቱም ስለ ራሳቸው የሚፈርዱት በዚሁ ክርክር መነሻነት ነው። ለዚህ ነገር በአገራችን ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የበለጠ ምስክር ማግኘት ያዳግታል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ይህ መገጣጠም ኋላ ሲታሰብ ያስገርማል። ልጅነቱን ከብት በመጠበቅና፣ እንደ ባላገር ልጅ ሁሉ፣ ገና በመጫወት አሳለፈ። በደጋ አየር ማደጉና ዳገት ቁልቁለቱን በባዶ እግሩ መውጣት መውረዱ ሳንባውንና እግሩን አጽንቶለታል። ይህ በእርግጥ ስጦታ ነው። ነገር ግን በዚያው ደጋና በዚያው ዳገት፣ እንደ እሱው በባዶ እግር ያደጉ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ዓለም ግን ስማቸውን አላወቀም።

ወደ ክቡር ዘበኛ ገብቶ ወታደር ከሆነ በኋላ እንኳ ሯጭነቱ ቶሎ አልታወቀም። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበር ይነገራል። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ዓይኑን የጣለበትም ይህን ትጋቱን አይቶ ነው። ኒስካነን ለአበበ አዲስ እግር አልሰጠውም፤ ያለውን እግር ሥርዓት አስያዘለት እንጂ። አንድ ቀን ረጅሙን የገጠር መንገድ፣ ሌላ ቀን አጭሩን ፈጣን ሩጫ እየደጋገመ፣ ጊዜውንም በሰዓት እየለካ አሠለጠነው።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ታየ። አዲስ የተገዛለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ አበበ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጠ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ያወራዋል፤ ነገር ግን በልምምድ ጊዜም በባዶ እግሩ ይሮጥ ስለነበረ ለእሱ እንግዳ ነገር አልነበረም። አበበና አሠልጣኙ መንገዱን አስቀድመው አጥንተውት ስለነበር፣ ወደ ፍጻሜው ግድም፣ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ወስደው በዚያ አቁመውት ከነበረው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርስ ሩጫውን አፈጠነ። ይህ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል። አበበ የሞሮኮውን ራዲን በ25 ሰኮንድ ገደማ ቀድሞ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ።

ስጦታው ብቻ የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲያ ባልተሸነፈ ነበር። ዳሩ ግን በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ሲመራ ቆይቶ 5ኛ ወጣ። ሽንፈቱን ተቀብሎ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። የቶኪዮ ውድድር አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ቢሆንም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛው ሯጭ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነበር። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ አበበ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ደክመው ሲወድቁ፣ እሱ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በሜክሲኮ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉንም ጓደኛው ማሞ ወልዴ ለአገሩ አስገኘ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ግን ከዚህ የከፋ ነገር ደረሰበት። የሚነዳው መኪና ተገልብጦ አከርካሪው ተጎዳ፤ ያ ሁሉ ዓለም ያደነቀው እግርም ሳይታዘዝለት ቀረ።

ክርክራችን እውነተኛውን ፍርድ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ተፈጥሮ የሰጠው ስጦታ በአንድ ሌሊት ተወሰደበት። አበበ ግን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ተማረ። በ1962 ዓ.ም. በዚያው በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰለፈ፤ ኋላም በኖርዌይ በበረዶ ላይ በተደረገ የመንሸራተቻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ያ በረዶ የጃቶ ልጅ ያደገበት አልነበረም፤ ክንዱም ለቀስት የተፈጠረ ነው ብሎ የነገረው አልነበረም። እግሩ ሲከዳው ያልከዳው፣ ዕለት ዕለት ተነሥቶ የመሥራት ልማዱ ነው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ፤ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብርም እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቅሶ ቀበረው። ከእሱ ጋር አብረው የሠለጠኑ ወታደሮች ሁሉ ሮምን አላሸነፉምና፣ ተሰጥዎ የለም ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰው ስጦታው ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከሱሉልታ አዲስ አበባ ደጋግሞ ከተመላለሰ በኋላ እንጂ፣ በቤቱ ተቀምጦ በማሰብ አይደለም። ለዚህ አልተፈጠርሁም የሚል ወጣትም፣ ይህን ከመናገሩ በፊት ስንት ጊዜ እንደሞከረ ራሱን ቢጠይቅ ይበጀዋል።