ሙንዎክ ያስጨፈርኳቸው ንጉሥ

የኔ ባች ልጆች ይህን ርዕስ ሲያዩ ገና ሳያነቡ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ዘንድሮ በዚህ መጽሔት ላይ ለመጻፍ ቦታ የለመንኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰው ካረፉ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ ከዘውዱ በፊት ዋግሹም ጎበዜ።

ነገሩን ለማያውቁ መምህራንና ከኛ በኋላ ለመጡት ላስረዳ። ዶርማችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የምንጫወታት ጨዋታ ነበረች። አንዱ ከታሪክ አንድ ጉድ ያወራል፤ ሌላው እውነት ነው ወይ ፈጠራ ነው ብሎ ይፈርዳል። የተሸወደ በማግስቱ ሻይ ይጋብዛል፤ በቃ። እኔ ደግሞ የመጣሁት ከጋዝጊብላ ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ጋዝጊብላ የሚለውን ስም ሲሰሙ መድኃኒት ነው ወይስ ማገዶ ብለው የሚጠይቁኝ ነበሩ። ሰቆጣ አጠገብ ስላቸው ማሩን ያስታውሱና ወሬው እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ያገሬን ንጉሥ ይዤ ገባሁ፤ ማን ያውቃቸዋል ብዬ።

የመጀመሪያው ፈጠራዬ ዋግነር የተባለው ጀርመናዊ ሙዚቀኛ በዘር ግንዱ የዋግ ሰው ነው የሚል ነበር፤ ስሙ ራሱ ይመሰክራል አልኳቸው። አንድ ሰው ብቻ ተሸወደ። ቀጥዬ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የሰቆጣ ነጭ ማር ልከው ነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ግን ሳሙና መስሎት ንግሥቲቱ ሳምንት ሙሉ እጃቸው ሲጣበቅ ከረመ አልኩ። እዚህ ላይ ሦስት ሻይ አገኘሁ። ሦስተኛው ግን አገር ያዳረሰው ነው። በድሮ ጊዜ ንጉሥ ፊት የቀረበ ሰው ጀርባውን አይሰጥም፤ ፊቱን ሳያዞር ወደኋላ እያለ ይወጣል። ይህ እውነት ነው። እኔ የጨመርኩት፣ የተክለ ጊዮርጊስ መኳንንት ብዛታቸው የትየለሌ ስለነበር ምንጣፉ ላይ ተንሸራተው መውጣት ተለማመዱ፣ ከጄኔራል ናፒየር ጋር የመጣ አንድ መኮንን አይቶ ለንደን ወሰደው፣ ከዚያ አሜሪካ ተሻገረና ማይክል ጃክሰን በ1975 ዓ.ም. ሙንዎክ ብሎ ቴሌቪዥን ላይ አወጣው የሚለውን ነው። ዶርሙ በሙሉ አመነ። ለአንድ ሳምንት ያህል ሻይ አልገዛሁም።

ውሸት አንድ እግሯ እውነት ላይ ከቆመ ሩቅ ትሄዳለች። ይህን ያወቅኩት እኔም የተሸወድኩባት ስላለች ነው። ዐፄ ምኒልክ ከኒውዮርክ ሦስት የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር አዘዙ፣ ሲመጣ አገሩ መብራት የለውም፣ ስለዚህ አንዱን ዙፋን አደረጉት የምትለዋ። ምኒልክ ለአዲስ ነገር የነበራቸው ፍቅር እውነት ነው። ወንበሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የተገደለበት እሳቸው ዘውድ በጫኑበት በዚያው በ1882 ነው። ታሪኩ ግን በውጭ አገር የአስደናቂ እውነታዎች መጻሕፍት እየተገለበጠ ዓለም ዞረ እንጂ ማስረጃ አልተገኘለትም። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ለሰው ሳወራው ኖርኩ!

የኔዋ ውሸት ተመልሳ የመጣችው ከተመረቅን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በምሠራበት መሥሪያ ቤት የአዲስ ዓመት ዝግጅት ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር ነበር። መድረክ መሪው በኢትዮጵያ ንጉሥ ግቢ የተጀመረው ዓለም አቀፍ ዳንስ የቱ ነው ብሎ ጠየቀ። እጄን አውጥቼ የሚባል ነገር የለም፣ ፈጠራ ነው አልኩ። ዜሮ ተሰጠኝ። ጎን ያለው ጠረጴዛ ሙንዎክ ብሎ በጉን ወሰደ። ፈጣሪው እኔ ነኝ ብዬ ብነሳ ማን ያምነኛል? ዝም አልኩ።

በዚያው ዓመት አገር ቤት ስሄድ ይህንኑ ለአያቴ እያሳቅሁ አጫወትኳቸው። አልሳቁም። ቆይተው፣ ስለ ዐይናቸውስ ነገርካቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልነገርኳቸውም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በደንብ አላውቀውም ነበር። ተመልሼ አነበብኩ። ያኔ ዶርም ውስጥ ማውራት የነበረብኝ ይህንን ነው።

ዋግሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቆጥራሉ። ዙፋኑ ከዛጔ ወደ ይኩኖ አምላክ ቤት ሲዞር ዋግ ለነሱ እንደቀረላቸው፣ ዋግሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ ክብር እንደተሰጠው በትውፊት ይነገራል። ልብ በሉ፤ ምኒልክ ያልተቀመጡበትን የኤሌክትሪክ ወንበር ዓለም ያውቀዋል፣ የዋግሹሞችን የብር ወንበር ግን እኛም ረስተነዋል።

የጎበዜ አባት ዋግሹም ገብረ መድኅን ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቀሏቸው። ልጁ ሸፈቱ፤ ዋግንና ላስታን ይዘው ኃይላቸው እየሰፋ ሲሄድ የቴዎድሮስ ግዛት ደግሞ እየጠበበ መጣ። እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲገሰግሱ ጎበዜ መንገድ አልዘጉባቸውም። ትግራይ ላይ ደጃዝማች ካሳ ምርጫም እንዲሁ አሳለፏቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። ናፒየር ሲመለሱ ለካሳ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ። ለጎበዜ ግን የደረሳቸው ነገር የለም። የዚያ ዘመን ዕጣ የተቆረጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ጎበዜ ብዙም ሳይቆዩ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ግን አንድ ጣጣ ነበረባቸው። ንጉሠ ነገሥት የሚቀባው ጳጳስ ነው፤ አቡነ ሰላማ ደግሞ በዚያው በ1860 መቅደላ ላይ በእስር እያሉ አርፈዋል። አዲስ ጳጳስ ከግብፅ ማስመጣት ደግሞ ብዙ ወርቅ ይጠይቃል። ያንን ያደረጉት ካሳ ናቸው፤ አቡነ አትናቴዎስን በ1861 አስመጡ። ስለዚህ አንዱ ጳጳስ የሌለው ንጉሥ፣ ሌላው ደግሞ ጳጳስም መድፍም ያለው ደጃዝማች ሆኑ።

እንግዳ ሰው የሚመስሏችሁ ከሆነ ደግሞ ዝምድናቸውን ስሙ። የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ድንቅነሽ ምርጫ የካሳ እህት ናቸው። ሁለቱ አማቾች ናቸው ማለት ነው። ንጉሡ በሦስት ዓመት ዘመናቸው ቴዎድሮስ ያቃጠሏትን የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ማሳደስ ያዙ። ካሳ ግን አልገብርም አሉ።

በ1863 ክረምት ላይ ተክለ ጊዮርጊስ ወደ ትግራይ ዘመቱ። የሠራዊታቸው ቁጥር 60,000 ገደማ፣ የካሳ 12,000 ገደማ እንደነበር ይገመታል። ዶርም ውስጥ ይህንን ብጠይቃችሁ ማን ያሸነፈ ይመስላችኋል? የካሳ ወታደር ኪርክሃም በተባለ እንግሊዛዊ የሠለጠነ፣ መሣሪያውም ናፒየር የተዉት ነበር። ሐምሌ 5 ቀን 1863 አድዋ አጠገብ፣ አሳም ወንዝ ዳር ጦሩ ተፈታ፤ ንጉሡ ቆስለው ተማረኩ። ካሳ ጥር 13 ቀን 1864 አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ተክለ ጊዮርጊስ ዐይናቸው ጠፍቶ፣ በአማቻቸው እስር ቤት አረፉ። ድንቅነሽ በወንድማቸውና በባላቸው መካከል ምን ሆነው ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ የታሪክ ትምህርታችን አልጠየቀንም።

አያቴ ያልሳቁት ለዚህ ነው። ስለ ዮሐንስም ክፉ ለማውራት አይደለም፤ እሳቸውም በተራቸው መተማ ላይ ላገራቸው ወድቀዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ስለ ቴዎድሮስና ስለ ምኒልክ ብዙ ስለሚታወቅ ቀልድ ብንጨምርባቸው አይጎድሉም። የኔ ንጉሥ ግን በመማሪያ መጽሐፍ ያላቸው አንድ አንቀጽ ብትሆን ነው። ለብዙ ሰው ስለሳቸው የምታወራዋ ብቸኛዋ ነገር የኔ ሙንዎክ ሆነች። ባዶ ቤት ላይ የተወረወረ ቀልድ ቤቱን ይወርሰዋል።

ስለዚህ የባቼ ልጆች አንድ ውለታ ዋሉልኝ። ጨዋታውን አትተዉ፤ ለልጆቻችሁም አስተምሯቸው። ግን ሙንዎኩን የሚያወራ ሰው ካገኛችሁ ከየት ዶርም እንደወጣ ንገሩት፤ ቀጥሎ የአማቾቹን ታሪክ አጫውቱት። የታሪክ መምህራኖቻችንም ይቺን አንድ አንቀጽ ሁለት ብታደርጓት ደስ ይለኛል። የበላኋቸውን ሻዮች በመገናኛችን ዕለት በነጭ ማር እከፍላለሁ፤ ሳሙና እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ጃንሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ ወደኋላ እያልኩ እወጣለሁ።